የባለ ዓሣዋ ቀማሽ

በጨው ጉዳይ ከእኔ ጋር የሚከራከር ሰው ቤታችን ውስጥ የለም። ባለቤቴ ወጡን ከመጉረሱ በፊት ፊቴን ያያል፤ ቅንድቤን ካላነሳሁ ይበላል፣ ካነሳሁ ጨው ይቀርባል። ይህን ሥልጣን ያገኘሁት ዩኒቨርሲቲ አይደለም።

ባለፈው ሁዳዴ ለሥራ ባሕር ዳር ሄጄ ነበር። ከአስፋልቱ ወደ ባሕሩ በምትወርደው መንገድ ስሄድ ከአንዲት የቆርቆሮ ዳስ የትኩስ ዘይት፣ የዓሣና የሎሚ ሽታ ወጥቶ ተቀበለኝ። እግሬ ቆመ። አብረውኝ የነበሩት የመሥሪያ ቤት ሰዎች ‘ራበሽ እንዴ?’ አሉኝ። አልራበኝም። ዘጠኝ ዓመት የሞላትን ልጅ፣ የያኔዋን እኔን፣ በጉልበቷ ልክ ሽርጥ ታጥቃ፣ ማንኪያ በእጇ ይዛ ከዚያ ጭስ ውስጥ ስትወጣ ያየኋት መሰለኝ። ያኔ ሥራ ነበረኝ። የባለ ዓሣዋ ቀማሽ ነበርኩ።

እኛ የባሕር ዳር ሰዎች አልነበርንም። አባቴ የፋብሪካ መካኒክ ነበርና ተዛውሮ ከደብረ ብርሃን መጣን፤ እትዬ ዘሐራ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራየን። ብርድ የለመደው ቤተ ሰብ ሙቀቱን እስኪለምድ አንድ ክረምት ፈጀበት፤ እናቴ ዓሣውን እስክትለምድ ግን ዕድሜዋም የሚበቃት አልመሰለኝም። እናቴ ዓሣን የምታውቀው ከወንጌል ብቻ ነው። ‘ከሁለቱ ዓሣና ከአምስቱ እንጀራ ወዲህ ዓሣ ዓይቼ አላውቅም’ ትል ነበር። ጎረቤቱ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም እያለ ሲከራከር ስትሰማ ‘እኛ አገር በዚህ ተጣልተን አናውቅም፤ የለማ!’ ብላ ትስቃለች። የንስሐ አባቷ አትብይ ስላሏት እሷ አትበላም። ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ደግሞ ይበላሉ። አንዱ ሌላውን ሲያይ ዝም ይላል፤ በዚህ ዓይነት በሰላም እንኖር ነበር።

የግቢው ባለቤት እትዬ ዘሐራ ዓሣ ሻጭ ነበሩ። ጠዋት ከባሕሩ ዳር ጥሬውን ገዝተው ያመጣሉ፣ ግማሹን እዚያው በራቸው ላይ ይሸጣሉ፣ ግማሹን ይጠብሳሉ፣ ወጥ ይሠራሉ። ሰፊ ሴት ናቸው፤ ሲስቁ መጀመሪያ ትከሻቸው ይስቃል፣ ድምፁ ኋላ ይመጣል። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ቆመው በዋሉ ቁጥር ማታ በሞቀ ውሃ ሲያሹት አያለሁ። እስላም ናቸው፤ በእሳቸውና በእኛ መካከል ሥጋ አይሻገርም ነበር። በዓል ሲሆን እኛ ዳቦ እንልካለን፣ እሳቸው ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ ይልካሉ፣ የሥጋው ድስት በየቤቱ ይቀራል። ዓሣ ግን ማንም ቢላዋ ይዞ የማንንም ስም አይጠራበትም። እትዬ ዘሐራ ‘ዓሣን ያረደው ፈጣሪ ነው፤ ለሁሉም ነው ያረደው’ ይላሉ። ስለዚህ በዚያ ሠፈር ሁሉ ሰው ከአንድ ድስት የሚበላው እሳቸው ዳስ ብቻ ነበር።

አባቴ ቃል የሚወድ ሰው ነው። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ዳሱ አጠገብ ቆሞ ነገር ጀመራቸው።

‘እትዬ ዘሐራ፣ የሚሸምነው ሸማኔ ይባላል። ብረት የሚቀጠቅጠው ቀጥቃጭ። ዓሣውን የሚይዘው እንኳ አጥማጅ የሚል ስም አለው። እርስዎን ምን እንበልዎት? “ዓሣ ሻጭ” እኮ ሁለት ቃል ነው፤ አንድ ስም አልወጣለትም።’

እትዬ ዘሐራ ከመጥበሻው ቀና አላሉም። ‘እኔ ባለ ዓሣዋ ነኝ’ አሉ። ‘ዓሣው ሲያልቅ ደግሞ ዘሐራ ነኝ።’

አባቴ ይህን መልስ ለዓመታት ሲያወራው ኖረ።

ያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን የተገናኙበት ዓመት ነበር። ለሌላው ሰው ይህ የፈጣሪ ሥራ ነው፤ ለባለ ዓሣዋ ግን ጭንቅ ነበር። ረመዳን ብቻውን ሲመጣ እሳቸው ይጾማሉ፣ ክርስቲያን ጎረቤት ወጡን ይቀምስላቸዋል። ሁዳዴ ብቻውን ሲመጣ ጎረቤት ይጾማል፣ እሳቸው ራሳቸው ይቀምሳሉ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ግን በቀትር የሚቀምስ ምላስ ጠፋ። ክርስቲያኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ እስላሙ እስከ መግሪብ አፉን ዘግቷል። ጾመኛው ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተርቦ ሲመጣ ወጡ ጣፋጭ መሆን አለበት፤ የተራበ ሰው እንደ ዳኛ ነው፣ አይምርም።

እናቴ ‘በምላስ ጫፍ ቀምሰው ቢተፉትስ? ይፈቀዳል ሲሉ ሰምቻለሁ’ አለቻቸው።

‘ይፈቀዳል ይላሉ ዐዋቂዎቹ’ አሉ እትዬ ዘሐራ። ‘እኔ ግን ራሴን አውቀዋለሁ እታለም። የሠራሁትን ከቀመስሁ እውጠዋለሁ።’

እኔ በዚያ ወቅት ታይፎይድ ጥሎኝ ከተነሳሁ ገና ነበር። ሐኪሙ ለእናቴ ‘ይህች ልጅ እስክትጠነክር እንዳትጾም’ ብሏታል። በዚያው ዓመት ነበር ጾም የምጀምረው፤ ለወራት ስጠብቀው የኖርኩት ነገር ነው። ወንድሜ ዳኒ ከእኔ በሁለት ዓመት ይበልጣል፤ እሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾምና ግድግዳ ተደግፎ እንደ ሽማግሌ ይተነፍሳል። ‘አንቺ ብይ፣ አንቺ ሕፃን ነሽ’ ይለኛል። እኔ ያኔ ሰው ቁመት የሚጨምረው በመጾም ነው ብዬ አምን ነበር፤ ዳኒ ከእኔ የሚረዝመው፣ እትዬ ዘሐራ ደግሞ ያን ያህል የገዘፉት ብዙ ስለጾሙ ነው ብዬ። እኔ ብቻ አጭር ሆኜ ልቀር ነው ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። የምበላው ሁሉ እንጨት እንጨት ይለኛል። እናቴ ትለምነኛለች፣ እኔ ፊቴን አዞራለሁ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እትዬ ዘሐራ ከዳሱ ውስጥ ጠሩኝ።

‘ሰብልዬ፣ ነይ እስቲ። ምላስሽን አውጪ።’

አወጣሁ። ሐኪሙም እንዲሁ አስወጥቶ ስላየው አልገረመኝም። ጎንበስ ብለው እንደ ዓሣ ጉንጭ ገልጠው መረመሩኝ።

‘ጥሩ ምላስ ነው። በዚህ ሠፈር በቀትር ሥራ የፈታ ምላስ ያንቺ ብቻ ነው። ቅጠሪኝ በይኝ።’

‘ቅጠሩኝ’ አልኩ።

የመጀመሪያው ማንኪያ ትዝ ይለኛል። የዓሣ ወጥ ነበር፤ ቀይ፣ ዳር ዳሩን ዘይት ያቀረረ። እፍ እፍ ብለው አበረዱልኝና ዓይናቸውን ዓይኔ ላይ ተከሉ። ከዚያ በፊት አንድም ትልቅ ሰው እኔ የምለውን እንዲያ ሲጠብቅ ዓይቼ አላውቅም። አስቤ አስቤ ‘ትንሽ ጨው’ አልኩ። ጨመሩ። ‘ትንሽ ሎሚ።’ ጨመሩ። ‘አሁን ልክ ነው’ ስል ‘አልሐምዱሊላህ!’ ብለው ትከሻቸው መሳቅ ጀመረ። ደመወዜ ቀረሶ የሚባለው ዓሣ ጭራ ነበር፤ እስኪደርቅ ተጠብሶ፣ ሚጥሚጣ ተነስንሶበት፣ ከእሾሁ ጋር የሚቆረጠም። ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ራበኝ። ቤት ገብቼ እናቴን ‘ሌላስ ምን አለ?’ ስላት ዓይኗ እንባ ሞላ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከእሳቸው ጋር ወደ ባሕሩ ዳር እወርድ ነበር። ጣናን ሐይቅ የሚለው የጂኦግራፊ መምህሩ ብቻ ነው፤ ለእኛ ባሕር ነው። ከደንገል የተሠሩት ታንኳዎች ውሃ ጠጥተው ከብደው፣ አፍንጫቸውን ቀስረው ይመጣሉ። ሞተር ጀልባዎቹ ከደልጊና ከጎርጎራ በኩል የመጣውን ያራግፋሉ። እትዬ ዘሐራ ከሩቅ አይገዙም። የዓሣውን ዓይን ያያሉ፤ የደበዘዘ ዓይን ካለው ‘ይህማ ትናንትና ነው’ ይላሉ። ጉንጩን ይገልጣሉ፣ ውስጡ ደም የመሰለ ካልሆነ ይመልሱታል። ጎኑን በአውራ ጣታቸው ይጫኑታል፤ ጎድጉዶ ከቀረ አይወስዱትም። አምባዛው ሪዙን እያወናጨፈ እጃቸው ላይ ሲተራመስ እኔ እጮሃለሁ፣ አጥማጆቹ ይስቁብኛል። መንጋጋቸው ከረጢት የሆነ ትልልቅ ነጫጭ ወፎች ዳር ዳሩን ተሰልፈው ሆድ ዕቃ ሲወረወርላቸው ይጠብቃሉ። እኔ ግን እነሱም እንደኔ የባለ ዓሣ ተቀጣሪዎች ናቸው ብዬ ‘እንደምን አደራችሁ’ እላቸው ነበር።

‘ይህቺ ማናት?’ ይሏቸዋል አጥማጆቹ።

‘ቀማሼ ናት። ያለሷ ድስት አልጥድም’ ይላሉ እትዬ ዘሐራ፤ እኔ በኩራት ወደ ላይ የረዘምኩ ይመስለኛል።

ጉንጬ ሞላ። ድምፄ ተመለሰ። ግን ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ ዳኒና እናቴ እጃቸውን ታጥበው ጸሎት አድርገው ማዕድ ሲቀርቡ፣ እኔ በልቼ የጨረስኩት ከበሩ ላይ ተቀምጬ አያቸዋለሁ። የእነሱ ጉርሻ የተለየ ነበር። የጠበቁት ነገር ነው። እኔ የቀረሶ ጭራዬን በልቼም እዚያ ማዕድ ላይ ቦታ የለኝም ብዬ አስብ ነበር፤ ይህ ያንገበግበኝ ነበር፣ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

ጾሙ ሊያልቅ ሲል ሐኪሙ ጋ ተመልሰን ሄድን። ዓይኔን ገለጠ፣ ሆዴን ተጫነ። ‘ድናለች። እንደ ልቧ ትሁን’ አለ። ከዚያ ወጥተን ገና መንገድ ላይ እያለን እናቴን ቀሚሷን ይዤ ‘ልጹም?’ አልኳት። ‘ነገ ጀምሪ’ አለች። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ዓርብ ነበር። ቁርሴን አልበላሁም። ትምህርት ቤት ቆሎ የሰጠችኝን ልጅ ‘ጾመኛ ነኝ’ ብዬ በትልቅ ሰው ድምፅ መለስኩላት። ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሆዴ እየጮኸ፣ ደስታዬ ግን እግሬን ከመሬት እያነሳው ወደ ግቢያችን ስሮጥ ከዳሱ በር ላይ ያልተለመደ ነገር አየሁ፤ ጎላ ድስት ተጥዷል።

እትዬ ዘሐራ ላብ በላብ ሆነዋል። የአንድ ኮሌጅ ምግብ ቤት ኃላፊ ለጾመኛ ተማሪዎች የዓሣ ወጥ አዝዟቸው ነበር። ተማሪዎቹ ከወደዱት ከዚያ በኋላ ጾም በመጣ ቁጥር ከእሳቸው ሊወስድ ነው፤ ካልወደዱት ሌላ ሰው ይፈልጋል። ከተወደደ እትዬ ዘሐራ ያንን ጉልበት ይዘው ቀኑን ሙሉ መንገድ ዳር መቆም ይቀርላቸዋል፤ ጠዋት ሠርተው ድስቱን በጋሪ ይልካሉ፣ ይቀመጣሉ። ይህን ሁሉ ለእናቴ ሲነግሩ ሰምቻለሁ። ጋሪው ስምንት ሰዓት ላይ ይመጣል።

‘መጣሽ! ነይ ቀማሼ!’ ብለው ማንኪያውን አነሱ።

‘እትዬ፣ ጾመኛ ነኝ። ዛሬ ጀመርኩ።’

ማንኪያው አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ድስቱንም ማንኪያውንም ትተው እልል አሉ። አቅፈው አገላብጠው ሳሙኝ፤ በርበሬ በርበሬ ሸተቱኝ። ‘እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! ደረሰችልኝ!’

‘ወጡስ?’ አልኩ።

‘ወጡን ተይው። ለወጥ ብዬ ያንቺን ጾም አላስገድፍሽም። ሰው እንፈልጋለን።’

ሰው ፍለጋው ይኸውላችሁ። በቀትር፣ ሁለቱም ጾም በሚጾምበት ሠፈር፣ አንድን ሰው ‘ይህን ቅመስልኝ’ ማለት ‘አንተ እንደማትጾም አውቃለሁ’ ማለት ነው። ስድብ ነው። እትዬ ዘሐራ ግን ጨንቋቸዋልና በትንሽ ሳህን ወጥ ይዘው፣ እኔን አስከትለው፣ መጀመሪያ አቶ ገበየሁ ጋ ሄዱ። አቶ ገበየሁ ጡረተኛ ናቸው፤ በጾም ወራት በየቀትሩ በራቸው ተዘግቶ ከመስኮቱ የሽንኩርት ሽታ እንደሚወጣ ያላወቀ የሠፈር ልጅ የለም።

‘አቶ ገበየሁ፣ እንደው ካላስቸገርሁዎት፣ ይችን ወጥ ጨዋን ቢያዩልኝ።’

‘ምን? በዐቢይ ጾም? በዚህ ሰዓት? እኔን?’ ሪዛቸው ተንቀጠቀጠ፤ ሪዛቸው ላይ የእንጀራ ፍርፋሪ ነበር። ‘ዘሐራ፣ ከእርስዎ ይህን አልጠብቅም ነበር!’

‘አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅርታ’ አሉና ወጣን። ከአጥሩ ሥር ደርሰን እትዬ ዘሐራ ትከሻቸው ሲስቅ እኔም ሳቅኩ፤ ሆዴ ባዶ ስለሆነ ሳቁ አሳመመኝ።

ቀጥለን ልብስ ሰፊው ሰይድ ጋ ሄድን። ሰይድ አፉን በእጁ ጀርባ ጠርጎ ‘ረመዳን እኮ ነው እትዬ’ አለ። ሠፈሩ ውስጥ የምታጠባ አንዲት ሴት ነበረች፤ እሷ ደግሞ ዘመድ ጥየቃ ወረታ ሄዳለች። በመጨረሻ እትዬ ዘሐራ አንድ ቁራጭ ለድመቷ ጣሉላት። ድመቷ በልታ ተጨማሪ ጠየቀች። ‘ይህችስ ጨው አትለይ’ ብለው ተዉዋት።

ተስፋ ቆርጠን ዳሱ ውስጥ ስንቀመጥ የኋላው አጥር ኮሽ አለ። አቶ ገበየሁ ናቸው፤ ጋቢ ተከናንበው አንገታቸውን ብቻ አስገቡ። ‘ለሰው ችግር ስል ነው’ አሉ በሹክሹክታ። ትኩሱን እንዳለ ጎረሱ፣ ዓይናቸው ከበሩ ላይ ሳይነቀል ‘ጨው ያንሰዋል’ አሉና ጠፉ። እትዬ ዘሐራ ጨው ጨመሩ። ብዙም ሳይቆይ ሰይድ በዚያው አጥር መጣ። እሱም ፈጥኖ ጎረሰ፣ አፉን አቃጠለው፣ ‘ጨው ያንሰዋል’ አለና ሮጠ። እትዬ ዘሐራ እንደገና ጨመሩና እጃቸውን አራግፈው ቆሙ።

‘ያ ረቢ’ አሉ። ‘አንዱ ፈርቶ ጎረሰ፣ አንዱ ተቃጥሎ ጎረሰ። እኔ የማንን ልመን?’

የጋሪው ፈረስ ቃጭል ከመንገዱ ተሰማ። እትዬ ዘሐራ በጎላው ላይ አጎንብሰው አሸተቱት። ጨው ግን ሽታ የለውም። በሕይወቴ እንደዚያ ሆነው ዓይቻቸው አላውቅም፤ ሰፊው ፊታቸው ጠበበ፣ ጉልበታቸውን በእጃቸው ያዙ። አንድ ጊዜ ወደ እኔ ዞር አሉ፣ ቶሎ ብለው ዓይናቸውን መለሱ። ቅመሽልኝ አላሉኝም። ቢሉኝ ኖሮ ምናልባት እምቢ እል ነበር።

ማንኪያውን አንስቼ ጨለፍኩ። ‘ተይ! ተይ ሰብልዬ!’ እያሉ እጄን ሊይዙኝ ሲሉ ዋጥኩት።

‘በዝቷል!’ ብዬ ጮህኩ። ‘እትዬ፣ በጣም በዝቷል!’

ከዚያ በኋላ ለማልቀስም ጊዜ አልነበረም። ጨው ያልገባበት ቁሌት ለማታ ብለው በሌላ ድስት አስቀምጠው ነበር፤ እሱን ገለበጡበት፣ ፍል ውሃ አከሉበት፣ አማሰሉ። ባለ ጋሪው በሩ ላይ ‘ኧረ እትዬ!’ እያለ ይጣራል። እቀምሳለሁ፤ ‘ገና።’ ያማስላሉ። እቀምሳለሁ፤ ‘ገና ትንሽ።’ ሎሚ ጨመቁ። ቀመስኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ምላሴን አዳመጥኩት።

‘አሁን’ አልኩ።

ድስቱ ተጭኖ ሄደ። እኔም ወደ ቤት ሄጄ አልጋ ላይ ወጥቼ በፎጣ ተሸፈንኩ። እዚያ ነው ያለቀስኩት፤ ድምፅ አውጥቼ፣ ንፍጤን ሳልጠርግ። አንድ ቀን እንኳ መጾም አልቻልኩም። ያን ዕለት ማዕዱ ዘግይቶ፣ አሥር ሰዓት ሲሆን እናቴ ሽሮውን አቀረበችና ጠራችኝ። አልመጣም አልኩ።

‘ምን ሆነሻል? ዛሬማ ጾመኛ አይደለሽ?’

‘አይደለሁም። ገድፌያለሁ።’

ዳኒ ፎጣውን ገለጠና ‘እማዬ፣ ከንፈሯ ላይ ወጥ አለ!’ ብሎ መሰከረብኝ። እናቴ አፏን ከፍታ ገና ሳትናገር እትዬ ዘሐራ ባዶ ጎላቸውን እንደታቀፉ በሩን ሞልተው ገቡ። ድስቱ ተጠርጎ ነው የተመለሰው። ተማሪዎቹ በእንጀራ ጠርገውታል፤ ኃላፊው ለረቡዕም ሌላ ድስት ጥዱ ብሏል። ይህን አንድ ጊዜ በችኮላ ተናገሩና ሌላውን ነገር፣ እነ አቶ ገበየሁን፣ ጨውን፣ የእኔን ማንኪያ፣ ለእናቴ እየዘረገፉ ነገሯት። እናቴ እየሳቀች እንባዋን ጠረገች። እኔ አልሳቅኩም።

እትዬ ዘሐራ አልጋው ጫፍ ላይ ሲቀመጡ አልጋው ወደ እሳቸው አዘነበለ፤ እኔም ተንከባልዬ ጉያቸው ውስጥ ገባሁ።

‘ስሚኝ ሰብልዬ። ከጠዋት እስከ ቀትር ማን ጾመ?’

‘እኔ።’

‘ከቀትር እስከ መግሪብስ ማን እየጾመ ነው?’

‘እርስዎ።’

‘የጠዋቱ ያንቺ፣ የማታው የኔ። እኔ ካንቺ ተቀብዬ ይዤልሻለሁ። እስኪመሽ ካደረስሁት አንድ ሙሉ ቀን ጾመሻል። በይ ተነሽ፣ እናትሽን አታስጠብቂ።’

ዳኒ ‘እንዲህ ይቻላል እንዴ?’ አለ። እናቴ ‘አንተ ዝም ብለህ እጅህን ታጠብ’ አለችው።

ተነሳሁ። እጄን ታጠብኩ፣ ጸሎት ሲደረግ ቆምኩ፣ ማዕዱ ላይ በእናቴና በዳኒ መካከል ቦታ ተለቀቀልኝ። እትዬ ዘሐራ ራሳቸው የማይቀምሱትን ሽሮ በእንጀራ ጠቅልለው፣ ‘በያ፣ አፍሽን ክፈቺ’ ብለው የመጀመሪያውን አጎረሱኝ። በልቼ እንደጨረስኩ ተከትያቸው ወጣሁ። እስኪመሽ ከጎናቸው አልተለየሁም። ግማሽ ጾሜ እሳቸው ዘንድ ነበርና ማንም ውሃ እንዳያቀብላቸው፣ እሳቸውም ረስተው እንዳይቀምሱ፣ ዓይኔን ከአፋቸው ላይ ሳልነቅል ጠበቅኩ። ‘ምነው እንዲህ አፈጠጥሽብኝ?’ ሲሉኝ በርጩማዬን ይበልጥ አስጠጋሁ። ፀሐይዋ ባሕሩ ላይ ቀላች፣ ወረደች። መግሪብ ተጣራ። እትዬ ዘሐራ ቢስሚላህ ብለው ተምሩን ወደ አፋቸው ሲያደርጉ እኔ ከበርጩማዬ ዘልዬ ተነሳሁና ግቢው ሁሉ እንዲሰማ ጮህኩ፤

‘ጾምኩ!’